ከጎረቤታችን ጋር፣ ለጎረቤታችን

ዓርብ ግንቦት 21 ቀን 2007 ከዐስር ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የቆምነው አንድ ቀን ከእናንተ ለመለመን ነው። ቀኑ እሁድ ግንቦት 30 ነው። በዚያ ቀን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን በሰፈራችን የሚገኙ አምስት የአቅመ ደካማ ቤቶችን እንጠግናለን፣ ደም እንሰጣለን፣ በየቤታችንም አንድ ሥራ እንሠራለን። ስለ ሦስተኛው ሥራ በመጨረሻ እንናገራለን፤ ከሁሉም የሚከብደን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹራ ስናነሳው ሁላችንም በአንድ ድምፅ አልተቀበልነውም። ተከራክረንበታል። የተነሱት ጥያቄዎች በእናንተም ልብ ውስጥ እንዳሉ ስለምናውቅ አንድ በአንድ እናነሳቸዋለን።

አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «ኮሚቴዎቻችን ከታሰሩ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር አልቀረውም። ፍርዳቸውን እየጠበቁ ነው። እኛ የሰላማዊ ትግል ልጆች ነን። አሁን ጭቃ የምናቦካበት ጊዜ ነው?»

ጥያቄው ከሕመም የመጣ ስለሆነ በቀላሉ አንመልሰውም። መጀመሪያ ግን ትግላችን ከየት እንደተነሳ እናስታውስ። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ጥያቄ ሦስት ነበር፤ የመጅሊስ ምርጫ በየመስጂዳችን ይካሄድ፣ የአሕባሽ አስተሳሰብ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር። ጥያቄያችንን ያቀረብነው እንዴት ነበር? በየከተማው የሰደቃና የአንድነት ፕሮግራም እያዘጋጀን ነበር። ሰንጋ እየታረደ፣ እናቶች እንጀራ በመሶብ እየተሸከሙ፣ የመጣ ሁሉ እየበላ። በሐምሌ 2004 በአወሊያ የደረሰው ነገር የደረሰው ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም ዝግጅት ላይ በነበርንበት ጊዜ ነው። እጃችን ላይ የነበረው ቢላዋ የሽንኩርት ቢላዋ ነበር። እንግዲህ ሰደቃ ትግላችንን የሚያዘናጋ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልኩ እሱ ነበር። ሰደቃ ደግሞ ሥጋና ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጉልበትም ሰደቃ ነው።

ሁለተኛ፣ በወንድሞቻችን ላይ የቀረበውን ክስ አስቡት። አገር ለማመስ፣ ሃይማኖታዊ መንግሥት በኃይል ለመመሥረት ተነሱ ነው የተባለው። በ2005 በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ሁላችንም አይተነዋል። ጎረቤቶቻችንም አይተውታል። ከዚያ ሌሊት በኋላ በአንዳንድ ግቢ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ልጆቻችን «የአባትሽ ጢም ለምን ረዘመ?» ተብለው ከትምህርት ቤት እያለቀሱ መጡ። እኛስ ምን አደረግን? ሐቁን እንናገር፤ ተቀየምን። ቡና ስንጠራ መሄድ ተውን። የእድር ስብሰባ ላይ መዋጮ ልከን ራሳችን ቀረን። ችግራችንን በመስጂዳችን ግቢ ውስጥ ለራሳችን እየተናገርን ሦስት ዓመት አለፈ። በደል የደረሰበት ሰው ወደ ራሱ መሰብሰቡ የሰው ባሕርይ ነው። ነገር ግን ጎረቤት ስለ እኛ የሚያውቀው ከቴሌቪዥን ብቻ እንዲሆን በሩን የዘጋነው እኛም ጭምር ነን።

ሚያዝያ 11 ስለ ሊቢያው ግፍ የሰማን ዕለት ምን እንደተሰማን አትረሱትም። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ክርስቲያን ወገኖቻችን ዳቦ ፍለጋ በወጡበት በበረሃና በባሕር ዳርቻ ታረዱ፣ ተረሸኑ። የገደሏቸው ሰዎች የአላህን ስም ይጠሩ ነበር። ከሟቾቹ መካከል የቂርቆስ ሰፈር ልጆች እንደነበሩበት ሰማን። ከእኛ ጥቂቶች ተሰብስበን ለቅሶ ለመድረስ ሄድን። እውነቱን ለመናገር እግራችን ከብዶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ ወጣ። ለምን እንደወጣ ገብቶናል፤ አልተቀየምነውም። አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ግን ከተቀመጡበት ወንበር ተነስተው «ኑ ልጆቼ፣ እዚህ ተቀመጡ፤ የእናንተም ሐዘን ነው» አሉን። ከእኛ መካከል ያላለቀሰ አልነበረም።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። ሁላችንም ግን አንድ ነገር እያሰብን ነበር። ያ የወጣው ሰው አያውቀንም። እኚያ እናት ያውቁናል። ልዩነቱ ይኸው ነው። መግለጫ ብናወጣ፣ ግፉን ብናወግዝ፣ ያወገዝነውንም ቢያነቡት፣ ያንን ሰው ወደ ወንበሩ የሚመልሰው ወረቀት አይደለም።

ውድ ጀመዓችን! ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር በአንድ ፕሮግራም መገኘት እምነትን ማቀላቀል አይሆንም?»

መልሱ ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። የጋራ ሶላት የለም፤ የጋራ ጸሎት የለም። እነሱ ከቅዳሴያቸው ወጥተው ይመጣሉ፣ እኛ ከሱብሒ በኋላ ቁርሳችንን በልተን እንመጣለን። ዙህር ሲደርስ በሁለት ተራ ተከፍለን እንሰግዳለን፤ ሥራው አይቆምም። የምንጋራው አካፋውን፣ ጭቃውንና የጎረቤትን ሐቅ ነው። አላህ በሱረቱል ሙምተሒና በእምነታችን ምክንያት ላልተዋጉን፣ ከቤታችንም ላላስወጡን ሰዎች በጎ ከመዋልና ፍትሕ ከማድረግ እንደማይከለክለን አስተምሮናል። በጎ ብቻ አላለም፤ ፍትሕም ብሏል። በሱረቱል ማዑን ደግሞ እየሰገደ ለጎረቤቱ ትንሿን ዕቃ ከማዋስ እጁን የሚሰበስብ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ነግሮናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና ነቢይ ሳይሆኑ በመካ የተገኙበትን ሒልፈል ፉዱል የሚባለውን ቃል ኪዳን አስቡ። መነሻው ምን ነበር? ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለመካ ታላቅ ሰው ሸጠ። ገዢው ገንዘቡን ከለከለው። ነጋዴው በመካ ዘመድ የለውም፣ የሚቆምለት ጎሳ የለውም። ከካዕባ አጠገብ ቆሞ ጮኸ። ያን ጊዜ ጥቂት የቁረይሽ ሰዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ ተበዳዩ የመካ ሰውም ይሁን እንግዳ፣ ሐቁ እስኪመለስለት ድረስ ከእሱ ጋር ሊቆሙ ተማማሉ። በዚያ ቤት የነበሩት ሙስሊሞች አልነበሩም፤ እስልምና ገና አልመጣም። ነቢያችን ግን ከነቢይነት በኋላም ያንን ቃል ኪዳን በኩራት ያስታውሱ ነበር፤ ዛሬም ወደ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ለተበደለ ሰው ለመቆም መጀመሪያ እምነቱን አይጠይቁም ነበር።

የነጃሺን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም። ነገር ግን አንድ ነገር እንበል። ነጃሺን በየመድረኩ እናነሳለን፤ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ያነሳሉ። ነጃሺ ስደተኞቹን ያስጠጋው በንግግር አልነበረም። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሲመጡ ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን አስቀራቸው። ዋጋ ከፍሎበታል። ያንን ታሪክ ስናወራ እኛ የምንከፍለው ዋጋ የትኛው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

በገዛ አገራችንም ቅርብ የሆነ ምስክር አለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ተደርጎ ነበር። አባቶቻችን 13 ጥያቄዎች አንግበው ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ በገዛ አገራችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበር የምንባለው፤ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች አይባልም። በዓላችን በዓል አልነበረም። በዚያ ቀን ከ100,000 በላይ ሕዝብ መንገዱን ሞላው፤ ከመካከላቸውም ክርስቲያን ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ጎረቤቶች ነበሩ። ዛሬ ዒደል ፊጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን ሥራ ዘግተን የምናከብረው ያ ትግል ባስገኘው ፍሬ ነው። እነዚያ ክርስቲያኖች በዚያ ቀን ብቻ ከሰማይ አልወረዱም። አብረው የተማሩ፣ አብረው የሠሩ፣ አብረው የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ወሎ ዘመድ ያለው ይህን ለማስረዳት አንቸገርም። እዚያ ቅሬው አንድ ነው፤ ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ። አዝመራ ሲደርስ ጅጌ ይወጣል፤ የማን ማሳ እንደሆነ እንጂ የማን ሃይማኖት እንደሆነ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ከባድ ነበር። አንዲት እህታችን እንዲህ አለች፦ «ይህን የምናደርገው ጥሩ ሰዎች መሆናችንን ለማሳየት ከሆነ ሪያእ ነው። የእኚያ አሮጊት ቤት የእኛ ማስታወቂያ መሆን የለበትም።»

አላህ ይውደዳት። ይህን ሰምተን ዕቅዱን እንደገና ቀየርነው። የመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ባነር ነበረ፤ አስቀርተነዋል። መፈክር የለም። የሚጠገኑት ቤቶች ባለቤቶች ፎቶ አይነሱም፤ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ለሥራችን ምስጋና አንጠይቅም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በምላሹ ስለ እኛ ጉዳይ እንዲናገሩ አንጠይቅም። ጎረቤት ራሱ «ኮሚቴዎቻችሁ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ከጠየቀ በትሕትና፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንነግረዋለን። ካልጠየቀ ጭቃችንን እንረግጣለን። ምርጫውም ባለፈው እሁድ አልፏል፤ ይህ ሥራ ለማንም ፓርቲ፣ በማንም ፓርቲ ላይ አይደለም። ኒያችን ይህ ነው፦ ክረምት ሊገባ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሥራው ዝርዝር እንግባ።

ቤቶቹን የመረጠው እድሩ ነው። መመዘኛው ሁለት ብቻ ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያለ ረዳት ብቻቸውን የሚኖሩ መሆናቸውና ቤቱ ክረምቱን የማያሳልፍ መሆኑ። ስማቸውን እዚህ አንጠራም። አንዳንዶቹ የእኛ፣ አንዳንዶቹ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አባትና እናት ናቸው። ጭቃ በአንድ ቀን ተቦክቶ አይመረግም። ቶሎ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በመጀመሪያው ዝናብም ይረግፋል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ጭዱ እስኪበሰብስ መቆየት አለበት። ስለዚህ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓዶቹ ይቆፈራሉ፤ ከዚያ ጀምሮ ሳምንቱን በሙሉ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ከእኛ አንድ ከእነሱ፣ እየሄደ ይረግጣል። የተራ ወረቀቱ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ተለጥፏል። አናጺ የሆናችሁ ማገርና ወራጅ የበሰበሰበትን ቤት ቀድማችሁ እዩልን። ቆርቆሮ ያላችሁ አሮጌም ቢሆን አምጡ፤ ምስማር ግን አዲስ ይሁን።

ደም መስጠትን በተመለከተ፦ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰና ጤናማ የሆነ ሰው መስጠት ይችላል። በየሦስት ወሩ ደግሞ መስጠት ይቻላል። ደም የሚቀዳው በጥቂት ደቂቃ ነው። ቁርስ ሳትበሉ አትምጡ። ቀኑን ለምን ግንቦት 30 አደረግነው? ረመዳን በሰኔ 11 አካባቢ ይገባል። በጾም ቀን ደም መስጠት ይከብዳል፤ ጎረቤቶቻችንም በሰኔ ጾም ላይ ይሆናሉ። ደም የምትፈስስ ወላድ እናት ግን ጾም እስኪያልቅ አትጠብቅም። በባንክ የተቀመጠ ደም አምስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ግንቦት 30 የሰጠነው አብዛኛውን የረመዳን ወር ይሸፍናል። ከረጢቱ ላይ የደሙ ዓይነት ይጻፋል እንጂ የሰጪው ሃይማኖት አይጻፍም። ማን እንደወሰደው አናውቅም፣ የወሰደውም አያውቀንም። ከሪያእ የራቀ ሰደቃ የምትፈልጉ ይኸውላችሁ።

ስለ ምግቡ እናቶቻችን ተነጋግረው ጨርሰዋል። የእኛ ሥጋ ለእነሱ፣ የእነሱ ሥጋ ለእኛ ስለማይሆን፣ እነሱም በጾም ላይ ስለሆኑ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ነው። ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። አንዲት ክርስቲያን እናት «የዘንድሮው ጾም ደግሞ ለእናንተም ደረሰ» ብለው አስቀውናል።

አሁን ሦስተኛው ሥራ። ይህ ሥራ ከቤት ውጭ አይደለም።

በብዙዎቻችን ቤት ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። ውኃ ትቀዳለች፣ ታጥባለች፣ ትጋግራለች፣ ሌሊት ከሁላችን ኋላ ትተኛለች። ሙስሊም ልትሆን ትችላለች፣ ክርስቲያን ልትሆን ትችላለች። የእኛ ልጆች ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት ሲበደሉ እንዴት እንዳነባን አስታውሱ። በ2006 ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲባረሩ አየር ማረፊያ ላይ ፌስታል ይዘው ሲወርዱ ያየናቸው እህቶች ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩ። ደሞዛቸውን ተከልክለው የተመለሱ ስንት ነበሩ? ያን ጊዜ «ዙልም ነው!» ብለን ጮኸናል። ታዲያ በገዛ ቤታችን የዚያችን ልጅ ደሞዝ «እቤት ይቀመጥልሽ» ብለን ስድስት ወር የያዝን የለንም? በሳምንት አንድ ቀን እረፍት የከለከልን፣ የማታ ትምህርት ልማር ስትል «ሥራውን ማን ይሠራል?» ያልን የለንም? ሱቃችን ውስጥ የቀን ሠራተኛውን «ነገ ና» እያልን የምናመላልስ የለንም? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል።

ሒልፈል ፉዱል የተጀመረው ባልተከፈለ ገንዘብ ነው ብለናል። መብታችን እንዲከበር የምንጠይቅ ሰዎች የሌላውን ሐቅ በኪሳችን ይዘን እጃችንን ወደ ላይ ብናነሳ ዱዓችን እንዴት ይሰማል? ስለዚህ እስከ ግንቦት 30 እያንዳንዳችን በቤታችንና በሱቃችን ያለብንን የሠራተኛ ዕዳ እንክፈል። በዚያ እሁድ ቤት የምትሠራዋ ልጅ እረፍት ትውጣ። መሥራት ከፈለገች ከእኛ ጋር ትምጣ እንጂ የእኛን ልጆች ልትጠብቅ አትቅር። ይህን ጉዳይ የእድሩ ሽማግሌዎችም ለክርስቲያን አባሎቻቸው ለመናገር ተስማምተዋል። ማንም አይመዘግብም፣ ማንም አይቆጣጠርም። አላህ ግን ያያል።

የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ «ቢከለክሉንስ?» ሥራው በእድሩ በኩል ለሚመለከተው ክፍል ተነግሯል። ቢከለከል ግን ተግባራችን እስከ ዛሬ እንደነበረው ሰላማዊ ነው። አንከራከርም፣ አንገፋፋም። ወደየቤታችን እንመለሳለን። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ሰው ሄዶ አንዱን ግድግዳ ይመርጋል፣ በማግስቱ ሌላ ሁለት ሰው ቀጣዩን። አምስቱን ቤት ክረምት ሳይገባ እንጨርሳለን፣ ኢንሻአላህ። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይረዳ የሚከለክል ሕግ የለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ቀን ኮሚቴዎቻችንን ከእስር አያወጣም። ይህን ቃል አንገባም። ጥያቄያችን ጥያቄ ሆኖ ይቀጥላል፤ በየጁሙዓው ዱዓችን ውስጥ ስማቸው አለ፣ ይኖራልም። ነገር ግን የታሰሩት ወንድሞቻችን ከእኛ መካከል የወጡ ዳዒዎች፣ መምህራንና ጋዜጠኞች ናቸው። ሲፈቱ የሚመለሱት ወደዚሁ ሰፈር ነው። ሲመለሱ ጎረቤት በሩን ዘግቶ የሚጠብቃቸው ሰፈር እንዲያገኙ አንፈልግም። ያን ሰፈር አሁን መሥራት የእኛ ድርሻ ነው።

ነገ ጠዋት ከሱብሒ በኋላ አካፋና ዶማ ያላችሁ ከእድሩ ቤት በር ላይ እንገናኝ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጭዱን ዛሬ ማታ ያደርሳሉ። ከለቅሶው ድንኳን ብድግ ብሎ የወጣው ወንድማችንም ከተራው ወረቀት ላይ ስሙን አጽፏል ተብለናል። ማክሰኞ ማታ ነው ተራው። ከእኛ አንድ ሰው ከእሱ ጋር ይረግጣል፤ ያ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ማን እንደሚሞላው ከንግግሩ በኋላ ንገሩን።

አላህ ሥራችንን ለርሱ ብቻ የተደረገ ያድርግልን። ለታሰሩት ወንድሞቻችን ፈረጃውን ያቅርብልን። በሊቢያ ልጆቻቸውን ላጡ እናቶች መጽናናትን ይስጣቸው። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።